ውኃውን «ቫይረስ አለበት» ያለው ኪት፦ የሲዲሲ የመጀመሪያው የኮሮና መመርመሪያ ሲገመገም

ሙሉ ስሙ «የ2019 አዲሱ ኮሮና ቫይረስ ሪል ታይም አርቲ ፒሲአር መመርመሪያ» ነው። ፒሲአር የቫይረሱን ዘረ መል ቁራጭ ደጋግሞ በማባዛት መኖሩን የሚያሳይ ዘዴ ነው። ያዘጋጀው አትላንታ የሚገኘው የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል፣ በአጭሩ ሲዲሲ ነው። የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር፣ ኤፍዲኤ፣ ለአስቸኳይ ጊዜ እንዲውል የፈቀደው ፌብሩዋሪ 4 ቀን 2020 ነበር። (የአሜሪካ ቀኖች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ ቀን አንስቶ እስከ ፌብሩዋሪ 29 ድረስ በአሜሪካ ምድር ለአዲሱ ቫይረስ የተፈቀደ ሌላ መመርመሪያ አልነበረም። በዚያ ወር ሲልቨር ስፕሪንግም ሆነ ሲያትል፣ ትኩሳትና ሳል ይዞት ሐኪም ቤት የሄደ ሰው «ምርመራው የለም» ወይም «አንተን አይመለከትም» የተባለበት ምክንያት ግማሹ ከዚህ ሣጥን፣ ግማሹ ከአከፋፈሉ የመጣ ነው። ስለዚህ ሁለቱም አብረው ይገመገማሉ።

ፍርዱን አስቀድሞ መናገር ይሻላል። የኪቱ ዋና ክፍል ጥሩ ነበር። ኤን1 እና ኤን2 የተባሉት ሁለቱ ሙከራዎች ንጹሕ ሆነው ሲመረቱ ቫይረሱን በትክክል ይለያሉ፤ ከዚያ በኋላም በብዙ ላብራቶሪዎች ሲያገለግሉ ቆይተዋል። ሥራውን ያቆመው ሦስተኛው፣ ኤን3፣ ነው። እሱ ደግሞ ባይኖርም ምርመራው አይጎድልበትም ነበር። ይህ እየታወቀ ኤን3ን ለመተው ሁለት ሙሉ ሳምንት መፍጀቱ ነው ከጉድለቱ ይልቅ የሚያስቆጨው።

ሣጥኑ ሲከፈት የሚገኘው ብዙ አይደለም። አራት ዓይነት የደረቀ የፕራይመርና የፕሮብ ድብልቅ አለ፦ ኤን1፣ ኤን2፣ ኤን3 እና አርፒ። አብሮት የደረቀ ፖዘቲቭ ኮንትሮል አለ፤ ሙከራው መሥራቱን ለማረጋገጥ የሚፈለገው ጂን አስቀድሞ የተጨመረበት ማለት ነው። ፕራይመር የሚፈለገውን የቫይረሱን ዘረ መል ቁራጭ ከሁለት ጫፍ የሚይዝ አጭር ሰው ሠራሽ ዲኤንኤ ነው፤ ፕሮብ ደግሞ በሁለቱ መካከል ተጣብቆ ቁራጩ በተባዛ ቁጥር ብርሃን የሚሰጥ ነው። ሦስቱም ኤኖች ያነጣጠሩት የቫይረሱ ኑክሊዮካፕሲድ ፕሮቲን የሚሠራበት ጂን ላይ ነው። ኤን1 እና ኤን2 አዲሱን ቫይረስ ብቻ እንዲለዩ፣ ኤን3 ግን የሳርስን ዘመዶች በጅምላ እንዲይዝ ታስቦ ነበር። ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም፤ ስለ ቫይረሱ ገና ብዙ ባልታወቀበት ጊዜ ሰፋ ያለ መረብ መጣል ማለት ነው። አርፒ የሚፈልገው የሰውን ጂን ነው፤ ናሙናው በእርግጥ ከሰው መወሰዱንና አርኤንኤው፣ ማለትም ዘረ መሉን የያዘው ንጥረ ነገር፣ በደንብ መውጣቱን ያረጋግጣል። አርፒም ኤኖቹም ካልበሩ ያ ውጤት «ኔጌቲቭ» አይባልም፤ ዋጋ የለውም፣ ምርመራው ይደገማል።

ሣጥኑ ውስጥ የሌለውን መቁጠር ደግሞ ያለውን ከመቁጠር ይበልጣል። ስዋብ፣ ማለትም ናሙና ከአፍንጫ የሚወሰድበት ቀጭን ዘንግ፣ የለም። የናሙና ማጓጓዣ ፈሳሽ የለም። አርኤንኤ ማውጫ ኪት የለም። ኢንዛይሙ፣ ማለትም ማስተር ሚክሱ፣ የለም፤ መመሪያው የጠራው ታክፓዝ የተባለውን የቴርሞ ፊሸር ምርት ነበር። ማሽኑም ኤቢአይ 7500 ፋስት ዲኤክስ እንዲሆን ታዝዟል። ኪቱ ደረሰ ማለት ምርመራ ተጀመረ ማለት እንዳልሆነ የላብራቶሪ ሰው ያውቃል፤ በዜናው ግን «ይህን ያህል ኪት ተላከ» ብቻ ይነገር ስለነበር ሕዝቡ ምርመራው በየሆስፒታሉ የደረሰ መሰለው።

አሠራሩ ለለመደ ሰው ከባድ አይደለም። የደረቀው ድብልቅ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ከብርሃን ርቆ ይቀመጣል፤ ፕሮቡ ላይ ያለውን ቀለም ብርሃን ያደክመዋልና። እያንዳንዱ ብልቃጥ በ1.5 ሚሊሊትር ንጹሕ፣ ኑክሊዬዝ (ዘረ መል የሚቆራርጥ ኢንዛይም) በሌለበት ውኃ ይሟሟል፤ 15 ደቂቃ ጨለማ ውስጥ ያርፋል፤ ከዚያ 300 ማይክሮሊትር እየሆነ በአምስት ትንንሽ ቱቦ ተከፋፍሎ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ወይም ከዚያ ዝቅ ባለ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። ማከፋፈሉን እንደ ትርፍ ሥራ የሚያዩ አሉ፤ ስሕተት ነው። አንዱን ቱቦ በየቀኑ ማቅለጥና መልሶ ማቀዝቀዝ ድብልቁን ያበላሸዋል፤ ተከፋፍሎ ከሆነ ግን አንዱ ቢበከል እንኳ አራቱ ይተርፋሉ። ፖዘቲቭ ኮንትሮሉ የሚሟሟው በሌላ ክፍል፣ በሌላ ፒፔት (ፈሳሽ መመጠኛ)፣ በሌላ ጓንት ነው። እዚያ ብልቃጥ ውስጥ የሚፈለገው ጂን ቅጂ እጅግ ብዙ ስለሆነ በጓንት ጫፍ የተሻገረች ጠብታ የቀኑን ሥራ በሙሉ ትበክላለች። ይህ ነጥብ በኋላ ተመልሶ ይመጣል።

ሙከራው የሚሠራው በሳህን ላይ ባሉ ትንንሽ ጉድጓዶች ነው፤ ለአንድ ጉድጓድ የሚያስፈልገው 20 ማይክሮሊትር ነው፦ 8.5 ውኃ፣ 1.5 የፕራይመርና የፕሮብ ድብልቅ፣ 5 ኢንዛይም፣ በመጨረሻም ከናሙናው የወጣ 5 ማይክሮሊትር አርኤንኤ። ማሽኑ 25 ዲግሪ ላይ 2 ደቂቃ፣ 50 ላይ 15 ደቂቃ፣ 95 ላይ 2 ደቂቃ ይቆያል፤ አርኤንኤው ወደ ዲኤንኤ የሚገለበጠው በ15ቱ ደቂቃ ነው። ቀጥሎ 45 ዙር አለ፤ በየዙሩ 95 ላይ 3 ሰከንድ፣ 55 ላይ 30 ሰከንድ። ብርሃኑ ከ40ኛው ዙር በፊት የተወሰነለትን መሥመር ካለፈ ያ ሙከራ ፖዘቲቭ ነው። በመጀመሪያው መመሪያ አንድ ናሙና ፖዘቲቭ ለመባል ሦስቱም ኤኖች መብራት ነበረባቸው፤ አንዱ ወይም ሁለቱ ብቻ ከበሩ «አልታወቀም» ተብሎ ይደገማል።

እያንዳንዱ ናሙና አራት ጉድጓድ ስለሚይዝ 96 ጉድጓድ ያለው ሳህን የሚያስተናግደው 24 ብቻ ነው፤ ሦስቱ ኮንትሮሎች ሲቀነሱ 21 ናሙና ይቀራል። ስለ ኪቱ ብዛት የተነገረውም በዚህ ዓይን መታየት አለበት። 1.5 ሚሊሊትር ለ1.5 ማይክሮሊትር ሲካፈል 1,000 ሙከራ ይሆናል፤ ለኮንትሮልና ለድግግሞሽ የሚውለው ሲወጣ ሲዲሲ የገለጸው ከ700 እስከ 800 ናሙና ነው። በመጀመሪያ የታቀደው 200 ያህል ኪት ለአሜሪካ ላብራቶሪዎች፣ 200 ያህል ደግሞ ለውጭ አገር ነበር። በወረቀት ላይ ለአሜሪካ ከ140,000 ናሙና በላይ ይሆናል። ችግሩ ናሙና እና ሰው አንድ አለመሆናቸው ነው። በዚያን ጊዜ ከአንድ ታማሚ ከአፍንጫ ጀርባም ከጉሮሮም ይወሰድ ነበር፤ አክታ ካለውም ይጨመራል። አንድ ሰው ሁለት ናሙና ከሰጠ ቁጥሩ ወዲያው ለሁለት ይከፈላል። ባለሥልጣናት በማርች መጀመሪያ ስለ «ምርመራ» ሲናገሩ የትኛውን እንደሚቆጥሩ ግልጽ ስላልነበረ በሚነገረውና በየክሊኒኩ በሚታየው መካከል ትልቅ ክፍተት ተፈጠረ።

አሁን ወደ ብልሽቱ። ማንኛውም ላብራቶሪ አዲስ ኪት ሲደርሰው የታማሚ ናሙና ከመንካቱ በፊት ራሱ ይፈትነዋል። ከሚፈተኑት ውስጥ አንዱ ኔጌቲቭ ኮንትሮል ነው፤ በአርኤንኤ ፈንታ ንጹሕ ውኃ ብቻ የተጨመረበት ጉድጓድ። ይህ ጉድጓድ ጨለማ መሆን አለበት። ኪቱ የደረሳቸው ብዙ የክፍለ አገር ላብራቶሪዎች ሲፈትኑት ኤን3 ውኃው ላይ በራ። አንዳንዶቹ ውኃ ቀየሩ፣ አዲስ ቱቦ አቀለጡ፣ ሌላ ሰው እንዲሠራው አደረጉ፤ ያው ነው። ሲዲሲ ችግሩን በይፋ የተናገረው ፌብሩዋሪ 12 ነው።

ለአንድ ተራ ተጠቃሚ «አንዱ ከሦስቱ ቢያስቸግር በሁለቱ አይሠሩም?» የሚል ጥያቄ ይመጣበታል። ኔጌቲቭ ኮንትሮሉ የበራበት ሳህን ግን በሙሉ ውድቅ ነው፤ ውኃን ከታመመ ሰው መለየት ያቃተው ሙከራ ስለ ታማሚው ምንም ሊነግረን አይችልም። የባለሙያዎቹ ጥንቃቄ ትክክል ነበር፤ ሳይፈትኑ ሥራ ጀምረው ቢሆን ኖሮ ጤነኞች «በቫይረሱ ተይዛችኋል» ይባሉ ነበር።

ኤን1 ላይም ችግር ታይቶ ነበርና መነሻው ሁለት ነገር ነበር፤ ሲዲሲ ራሱ በ2021 መጨረሻ ባሳተመው ምርመራ አብራርቶታል። የኤን1 ችግር ብክለት ነው፦ የሚፈለገውን ጂን የያዘ ሰው ሠራሽ ዲኤንኤ በተቋሙ ውስጥ ወደ ድብልቁ ገብቷል። ከላይ ፖዘቲቭ ኮንትሮል በሌላ ክፍል ይሟሟ የተባለው ለዚህ ነው፤ ለአንድ ክፍለ አገር ላብራቶሪ የሚነገረው ደንብ ኪቱ በተሠራበት ቤት ይበልጥ መከበር ነበረበት። የኤን3 ችግር ግን ከንድፉ ነው፦ ፕሮቡና አንዱ ፕራይመር ቫይረስ ሳያገኙ እርስ በርስ ይያያዙና ኢንዛይሙ እነሱኑ ያራዝማል፤ ብርሃኑ የሚመጣው ከዚያ ነው። የብክለት ችግር በንጹሕ ምርት ይስተካከላል። የንድፍ ችግር ግን መቶ ጊዜ በንጽሕና ቢመረትም አይለቅም። እነዚህ ሁለቱ ገና በፌብሩዋሪ አጋማሽ ተለያይተው ታይተው ቢሆን ኖሮ ኤን3ን እንደገና ለማምረት ጊዜ ባልጠፋ ነበር።

በእነዚያ ሁለት ሳምንታት አንድ ላብራቶሪ ምን አማራጭ ነበረው? ናሙናውን በበረዶ አሽጎ አትላንታ መላክ፤ ይህ ቀናት ይወስዳል። ኤን3ን ትቶ በሁለቱ መሥራት፤ ይህ ተከልክሏል፣ ፈቃዱ የተሰጠው ለኪቱ በተጻፈው አሠራር በሙሉ ነውና። የራሱን ምርመራ ማዘጋጀት፤ ይህም ተከልክሏል። ይህ ሦስተኛው ላይ ጥቂት መቆየት ይገባል። በሰላሙ ጊዜ ብቃት ያላቸው የአሜሪካ ሆስፒታል ላብራቶሪዎች የራሳቸውን ፒሲአር ነድፈው ለታማሚዎቻቸው ይጠቀማሉ፤ ኤፍዲኤም አይከለክላቸውም። አስቸኳይ ጊዜ ሲታወጅ ግን ለአዲሱ ቫይረስ የሚውል እያንዳንዱ ምርመራ የአስቸኳይ ጊዜ ፈቃድ እንዲያገኝ ተጠየቀ። መንገድ እንዲያሳጥር የታሰበው አዋጅ መንገዱን አረዘመው። የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ማሽኑም፣ ሰውም፣ የቫይረሱ ዘረ መል ቅደም ተከተልም እያላቸው እጃቸውን አጣጥፈው ተቀመጡ።

ፌብሩዋሪ 24 የሕዝብ ጤና ላብራቶሪዎች ማኅበር ለኤፍዲኤ ኃላፊ ደብዳቤ ጽፎ አባሎቹ የራሳቸውን ምርመራ እንዲሠሩ እንዲፈቀድ ጠየቀ። ፌብሩዋሪ 26 ኤን3 ቀርቶ በኤን1 እና በኤን2 ብቻ መሥራት ተፈቀደ። ፌብሩዋሪ 29 ኤፍዲኤ ብቃት ያላቸው ላብራቶሪዎች ምርመራቸውን ራሳቸው አረጋግጠው እንዲጀምሩና ማመልከቻውን በ15 የሥራ ቀን ውስጥ እንዲያስገቡ ፈቀደ። በዚያው ቀን የኒው ዮርክ ክፍለ አገር ዋድስዎርዝ ማዕከል ፈቃድ አገኘ። ኢንቴግሬትድ ዲኤንኤ ቴክኖሎጂስ የተባለው የአዮዋ ኩባንያ ያመረታቸው ኤን1 እና ኤን2 ገበያ ላይ ሲወጡ ያለ ችግር ሠሩ። በአምስት ቀን ውስጥ የተወሰነው ይህ ሁሉ ፌብሩዋሪ 12 ላይ ሊወሰን ይችል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ስለ ኪቱ የታወቀ አዲስ ነገር ብዙ አልነበረም።

ኪቱ ሲያጥር ደግሞ ማን ይመርመር የሚለው ደንብ ይጠብባል። በፌብሩዋሪ ለምርመራ ብቁ የሚባለው የበሽታው ምልክት ኖሮት በ14 ቀን ውስጥ ከቻይና የመጣ ወይም ከተረጋገጠ ታማሚ ጋር ንክኪ የነበረው ሰው ነበር። የደንቡ ጉዳት እዚህ ላይ ነው፦ በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚዛመተውን ቫይረስ ማየት አይችልም፤ ካልተመረመረ አይገኝም፣ ካልተገኘ ደግሞ «ከውጭ ከመጡት በቀር ታማሚ የለንም» ይባላል፣ ስለዚህ ሌላው አይመረመርም። በሰሜን ካሊፎርኒያ ዩሲ ዴቪስ ሆስፒታል የገባች ታማሚ ይህን በግልጽ አሳየች። ሐኪሞቹ ምርመራ ጠየቁ፤ ደንቡን ስለማታሟላ ቀናት አለፉ፤ ናሙናዋ የተወሰደው ፌብሩዋሪ 23፣ ውጤቱ የመጣው ፌብሩዋሪ 26 ነው። ወደ ውጭ ያልተጓዘች፣ ከታወቀ ታማሚም ጋር ያልተገናኘች ነበረች። በማግሥቱ ደንቡ ሰፋ፤ ማርች 4 ደግሞ ውሳኔው ለሐኪሙ ተተወ።

ሲያትል ላይ በዶክተር ሔለን ቹ የሚመራው የኢንፍሉዌንዛ ጥናት ቡድን ከሕዝቡ የተሰበሰበ የአፍንጫ ናሙና በእጁ ነበረው፤ የራሱን ፒሲአርም አዘጋጅቶ ነበር። ፈቃድ ስላላገኘ ሳምንታት ቆየ። ፌብሩዋሪ 25 ያለ ፈቃድ ሲሞክረው ጉዞ ያልነበረው አንድ ወጣት ፖዘቲቭ ሆነ። በዋሽንግተን ክፍለ አገር የማኅበረሰብ ሥርጭት መኖሩ የታወቀው በዚህ ነው። ማርች 12 የአሜሪካ የአለርጂና የተላላፊ በሽታዎች ተቋም ኃላፊ የነበሩት ዶክተር አንቶኒ ፋውቺ በምክር ቤት ፊት ሥርዓቱ ለዚህ ፍላጎት እንዳልተዘጋጀ፣ ይህም ጉድለት እንደሆነ ሳይሸፋፍኑ ተናገሩ።

በማርች ትልልቆቹ ኩባንያዎች ገቡ፦ ሮሽ ማርች 12፣ ቴርሞ ፊሸር ማርች 13፣ አቦት ማርች 18፣ ሴፊድ ማርች 20። ወረፋው ግን አልጠፋም፤ እጥረቱ ከኪቱ ወደ ሌሎቹ ዕቃዎች ተሻገረ። ከሁሉ በፊት ያለቀው ስዋቡ ነው። ለዚህ ምርመራ ተራ የጥጥ እንጨት አይሆንም። ጥጥ፣ ካልሲየም አልጂኔትና የእንጨት ዘንግ ቫይረሱን የሚያጠፋ ወይም ፒሲአሩን የሚያግድ ነገር ሊኖርባቸው ይችላል። የሚያስፈልገው ቀጭን የፕላስቲክ ዘንግና ሰው ሠራሽ ቃጫ ያለው ስዋብ ነው። ይህን በብዛት የሚሠሩት ሁለት ስመ ጥር አምራቾች ነበሩ፦ የጣሊያኑ ኮፓን እና በሜይን ክፍለ አገር ያለው ፒዩሪታን። ኮፓን ያለው ሎምባርዲ ውስጥ ነው፤ ያኔ ወረርሽኙ የበረታበት አካባቢ። ቀጥሎ አርኤንኤ ማውጫ ኪት ጠፋ፤ ብዙው ላብራቶሪ የኪያጅንን ምርት ይጠቀም ስለነበር ሁሉም ወደ አንድ መደብር የተሰለፈ ያህል ሆነ። የማጓጓዣ ፈሳሽ ሲያልቅ ንጹሕ ሳላይን (የጨው ውኃ) እንዲተካው ተፈቀደ፤ ጥሩ ውሳኔ ነበር፣ ሥራውም ላይ ጉዳት አላመጣም።

ስዋቡ ቢገኝም አወሳሰዱ ካልተስተካከለ ውጤቱ ያሳስታል። ጭንቅላት ወደ ኋላ 70 ዲግሪ ያህል ይዘነበላል። ስዋቡ ወደ ላይ ወደ ግንባር አይገፋም፤ በአፍንጫው ወለል ላይ ከላንቃ ጋር ትይዩ ሆኖ፣ ከአፍንጫ ቀዳዳ እስከ ጆሮ ባለው ርቀት ያህል፣ የሚያግደው ነገር እስኪሰማ ይገባል። ቀስ ብሎ ይሽከረከራል፤ እርጥበቱን እንዲጠጣ ጥቂት ሰከንድ ይቆያል። ብዙ ሐሰተኛ ኔጌቲቭ የመጣው ስዋቡ በአፍንጫው ደጃፍ ብቻ ተነካክቶ ሲወጣ ነው፤ አርፒ ይበራል፣ የሰው ሴል አለና፤ ቫይረሱ ግን አልተነካም። ናሙናው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ከዚያ የሚዘገይ ከሆነ ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ ያስፈልገዋል። ወደ አትላንታ የሚላከው ናሙና መንገድ ላይ ሲዘገይ ይህ ሰዓት እየቆጠረ ነበር።

ከሌሎች ጋር ሲነጻጸር። የበርሊኑ ሻሪቴ ሆስፒታል፣ በክርስቲያን ድሮስተን ቡድን፣ ያዘጋጀውን አሠራር የዓለም የጤና ድርጅት በጃንዋሪ አጋማሽ አሳተመው፤ ቲብ ሞልቢዮል የተባለው የበርሊን ኩባንያም ያመርተው ነበር። እሱም እንከን ነበረበት፤ አርዲአርፒ የተባለው ሁለተኛው ሙከራ ከፕራይመሮቹ አንዱ ከቫይረሱ ጋር ሙሉ በሙሉ ስለማይገጥም ደካማ ነበር። ልዩነቱ አሠራሩ ለማንም ክፍት በመሆኑ ነው፤ የደከመውን ክፍል ያየ ላብራቶሪ በሌላ ይተካዋል። እዚህ ላይ አንድ የተዛባ ወሬ ማረም ያስፈልጋል። «አሜሪካ የዓለም የጤና ድርጅትን ኪት አልቀበልም አለች» ሲባል ይሰማል። ድርጅቱ ኪት ይልክ የነበረው አቅም ላነሳቸው አገሮች ነው፤ ለአሜሪካ ያቀረበው ኪት አልነበረም።

ይበልጥ የሚያስተምረው የደቡብ ኮሪያ ነው። የኮሪያ ባለሥልጣናት በጃንዋሪ መጨረሻ ሴኡል ላይ አምራቾችን ሰብስበው ኪት በአስቸኳይ እንዲያዘጋጁ ጠየቁ፤ የመጀመሪያው፣ የኮጂን ባዮቴክ፣ የተፈቀደው ፌብሩዋሪ 4 ነው፤ የሲዲሲ ኪት በተፈቀደበት በዚያው ቀን። የሁለተኛው፣ የሲጂን፣ ፈቃድ የመጣው ፌብሩዋሪ 12 ነው፤ የሲዲሲ ኪት መበላሸቱ በተነገረበት ዕለት። የኮሪያው አንዱ ቢበላሽ ሌላው ይቀጥል ነበር። በፌብሩዋሪ መጨረሻ ዴጉ ከተማ ሰው ከመኪናው ሳይወርድ ናሙና ይሰጥ ነበር።

በእኛም አገር ይህ የዕቃ ሰንሰለት በሌላ መልክ ታይቷል። በጥር 2012 ዓ.ም. በዓለም የጤና ድርጅት የአፍሪካ ቀጣና አዲሱን ቫይረስ መመርመር የሚችሉት የዳካሩ ፓስተር ኢንስቲትዩትና የደቡብ አፍሪካው ብሔራዊ ተላላፊ በሽታዎች ኢንስቲትዩት ብቻ ነበሩ፤ ከኢትዮጵያ የተጠርጣሪዎች ናሙናም ወደ ደቡብ አፍሪካ ነበር የሚበረው። ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ራሱ መመርመር ጀመረ፤ ስለዚህ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው ታማሚ፣ ከቡርኪና ፋሶ የመጣው ጃፓናዊ፣ የታወቀው አዲስ አበባ ላይ በተሠራ ምርመራ ነው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ የሚገባውን ያህል አልተነገረለትም። መጋቢት 13 የጃክ ማ ፋውንዴሽን ዕርዳታ ቦሌ ደረሰ፤ ለእያንዳንዱ የአፍሪካ አገር 20,000 መመርመሪያ ታስቦ በኢትዮጵያ አየር መንገድ ተከፋፈለ። 20,000 መመርመሪያ ግን ያለ ስዋብና ያለ አርኤንኤ ማውጫ 20,000 ሰው አይመረምርም። መቀመጫው አዲስ አበባ የሆነው የአፍሪካ ሲዲሲ የያኔው ኃላፊ ጆን ንኬንጋሶንግ በሚያዝያ፣ የአፍሪካ አገሮች ገንዘብ ይዘው እንኳ ሪኤጀንት (የመመርመሪያ ኬሚካል) መግዛት እንዳልቻሉ በአደባባይ ተናግረዋል። ለሳንባ ነቀርሳ በየሆስፒታሉ ያለው ጂን ኤክስፐርት ማሽንም ጥሩ አማራጭ ነበር፤ አርኤንኤ ማውጣቱንም ፒሲአሩንም በአንድ ካርትሪጅ ውስጥ በአንድ ሰዓት ገደማ ይጨርሳል። ካርትሪጁ ግን የአንድ ኩባንያ ምርት ነው፤ ዓለም ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲፈልገው ለእኛ የሚደርሰው ጥቂት ሆነ። መስከረም 2013 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የቻይናው ኩባንያ የቢጂአይ የመመርመሪያ ኪት ፋብሪካ ሥራ ሲጀምር ከዚህ ጥገኝነት አንዱ ቋጠሮ ላላ።

አዲስ ኪት ለሚረከብ ላብራቶሪ ከዚህ ታሪክ የሚወሰዱ የሥራ ነገሮች አሉ። ሣጥኑን ስትቀበሉ ስዋቡን፣ ማጓጓዣውን፣ ማውጫውን፣ ኢንዛይሙንና የፒፔት ጫፉን አብራችሁ ቁጠሩ፤ የምትመረምሩት ሰው ብዛት ከሁሉ ባነሰው ይወሰናል። ከማስተር ሚክስ ክፍል ወደ ናሙና ክፍል እንጂ በተቃራኒው አትመላለሱ። በመጀመሪያው ሳህን አንድ ውኃ ጉድጓድ አይበቃም፤ ለእያንዳንዱ ሙከራ ቢያንስ ስምንት ውኃ ጉድጓድ ሥሩ፣ አልፎ አልፎ የሚታይ ብክለት በአንዱ ሊያመልጥ ይችላልና። ውኃው ከበራ ዘግይቶ፣ ከ38ኛው ዙር በኋላ፣ በአንድ ሁለት ጉድጓድ ብቻ ከሆነ መጀመሪያ የራሳችሁን ጠረጴዛ ጠርጥሩ፤ ገጹን በክሎሪን ውኃ አጥቡ፣ ውኃውንና ቱቦውን ቀይሩ። በሌላ ክፍል፣ በሌላ ሰው እጅ፣ ካልተከፈተ ቱቦ ተሠርቶም እዚያው ሙከራ ላይ ደጋግሞ ከበራ ግን ጥፋቱ ከሎቱ (በአንድ ጊዜ አብሮ ከተመረተው ስብስብ) ነው፤ የሎት ቁጥሩን፣ የማሽኑን ፋይልና የጉድጓዶቹን አቀማመጥ አያይዛችሁ በዚያው ቀን ለላኪው ጻፉ፤ ሌላ ሎት እስኪመጣም ናሙናዎቹን ከዜሮ በታች 70 ዲግሪ አስቀምጡ።